ጋቢው ለምን ወገቡ ገባ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ደሴ የምትኖር ወጣት ናት። ሽመና መማር ከጀመረች ጥቂት ወራት ሆኗታል። ከአንድ የሰፈር አባት የእንጨት የሽመና ዕቃ ተውሳ በረንዳዋ ላይ ተክላለች። የመጀመሪያ ጋቢዋን ጀምራ እኩሌታው ላይ ሳትደርስ ጨርቁ ከሁለቱም ጎን እየጠበበ መጣባት። ጠርዙ ይጨማደዳል። የቀኝ ዳር ክሮች አሁንም አሁንም ይበጠሳሉ። መሐሉ ላይ ከመጀመሪያው አንስቶ ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን ክፍት መስመር አለ። ጨርቁም አንዳንድ ቦታ ወፍሯል፣ አንዳንድ ቦታ ሳስቷል። «ጥፋቱ የእጄ ነው፣ የዕቃው ነው ወይስ የክሩ? ዕቃውን ልመልስና ሌላ ልፈልግ?» ትላለች። አስተማሪዋ «እጅሽ አልለመደም፣ በጊዜው ይስተካከላል» ይሏታል። አጎቷ ደግሞ «ድሮም የሴት ሥራ አይደለም» ብሏታል።

አብሽሪ እህቴ። ዕቃውን አትመልሺ።

ከዘረዘርሻቸው ችግሮች ውስጥ ዕቃውን ሊመለከት የሚችለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም የቀኝ ዳር መበጠስ። እሱንም ቢሆን መጀመሪያ ሌላውን አስተካክለሽ ነው የምታውቂው። «እጅሽ አልለመደም» የሚለው መልስ ግን አይዋጥልኝም። ውሸት ስለሆነ አይደለም። እጅ የቱን እንደሚለምድ ስለማይናገር ነው። ተሳስቶ የለመደ እጅም እኮ ለምዷል።

ሽመና ላይ ጀማሪን የሚያደክመው አንድ ነገር ነው። ጥፋቱ የሚታይበትና የሚፈጠርበት ቦታ የተለያየ ነው። ጠርዝ ላይ የምታዪው ችግር ከውርወራው ይመጣል። መሐል ላይ የምታዪው ክፍት መስመር ገና አንድም ማግ (አግድም የሚያልፈው ክር) ሳይወረወር የተሠራ ነው። የሚበጠሰው ክር ራሱ ብዙ ጊዜ ምንም የለበትም። አንቺ ግን እንደማንኛውም ጀማሪ ጥፋቱን የታየበት ቦታ ላይ ልታርሚው ስትታገዪ ከረምሽ። ስለዚህ አንድ በአንድ ወደ መነሻው እንሂድ።

ከጥበቱ እንጀምር። ዋናው እሱ ነው።

ማጉ ድሩን፣ ማለትም ዕቃው ላይ በቁመት የተወጠረውን ክር፣ ሲያቋርጥ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አንዱን ክር በላይ፣ ቀጣዩን በታች እያለ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ከጨርቁ ስፋት ትንሽ የበለጠ ርዝመት ይፈልጋል። ማጉን የያዘው መወርወሪያ በሌላው ጎን ከወጣ በኋላ ማጉን ስበሽ ቀጥ ካደረግሽው ያንን ትርፍ ከየት ያመጣል? ከዳሮቹ ነዋ። መምቻውን፣ ማለትም ማጉን ወደ ጨርቁ የሚያጠጋውን ባለ ጥርስ ዕቃ፣ ስትመቺው ሁለቱን ዳሮች ወደ ውስጥ ይጎትታቸዋል። በአንድ ውርወራ የሚጠፋው ስፋት ለዐይን አይታይም። አንድ ክንድ ከሠራሽ በኋላ ግን ሁለት ሦስት ጣት ሄዶብሻል።

ጀማሪ ማጉን ለምን እንደሚስበው አውቃለሁ። ጠርዙ ላይ ትንሽ የክር ቀለበት ወጥታ ስትቀር ታስጠላለች። እሷን ለማጥፋት ሳብ ይደረጋል። ቀለበቷ ትጠፋለች፣ ጠርዙም ለጊዜው ያምራል። በሚቀጥለው ውርወራ ደግሞ ሌላ ቀለበት፣ ሌላ መሳብ። ጨርቁን የሚያጠበው ይህ ጠርዝ የማሳመር ጉጉት ነው። ስንፍና ቢሆን ኖሮ ጋቢሽ ሰፊ ይሆን ነበር።

አሁን ወደሚበጠሱት ክሮች ነይ። ጨርቁ ጠቧል። መምቻው ግን ስፋቱ ያው ነው። ስለዚህ የዳር ክሮች በመምቻው ጥርሶች መሐል ሲያልፉ ቀጥ ብለው አይደለም፣ ወደ ውስጥ ተጣመው ነው። በእያንዳንዱ ምት ጥርሱ ይፋቃቸዋል። በቅርብ ብታዪያቸው ጨርቁ አጠገብ ያለው የዳር ክር ጠጉር አብቅሏል። ያ ጠጉር ከክሩ አካል የተፋቀ ጥጥ ነው። ክሩ ይሳሳል፣ ከዚያ ይበጠሳል። አንቺ ደግሞ «ክሩ ደካማ ነው» ብለሽ ቋጥረሽ ትቀጥያለሽ። ቋጠሮው ጥርሱን ሲነካ እንደገና ይበጠሳል። ክሩን አትውቀሺው። ያላግባብ እየተፋቀ ነው።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ወርውሪ። መወርወሪያውን በወጣበት ጎን ያዢና ማጉን በሰያፍ ተይው። ሲገባ የተሠራውን ጨርቅ ጫፍ የነካ፣ ሲወጣ ከጫፉ አራት አምስት ጣት ራቅ ያለ ይሁን። የገባበትን ጠርዝ በግራ ወይም በቀኝ እጅሽ ሁለት ጣት ጭብጥ አድርገሽ ያዢው፤ ቀለበቷ እንዳትወጣ የሚያደርገው ይህ ነው እንጂ መሳቡ አይደለም። አሁን ድሩ ገና እንደተከፈተ አንዴ ምቺ። ድሩ ክፍት ስለሆነ ማጉ ትርፉን በስፋቱ ሁሉ እያከፋፈለ ይገባል። ከዚያ እግርሽን ወደ ሌላው መርገጫ ቀይሪና ደግመሽ ምቺ። ማጉ ተቆለፈ ማለት ነው።

ሰያፉ ከበዛ ደግሞ ጨርቁ ፊት ላይ ትንንሽ የክር ጉብታዎች ያወጣል። ያኔ ቀንሺው። ልኩን ከክሩ ውፍረት ጋር ራስሽ ታገኚዋለሽ፤ ማንም በቁጥር ሊነግርሽ አይችልም።

ለመቆጣጠሪያ ሜትር አያስፈልግሽም። ጨርቁ ገና ሳይጠብ በነበረበት ቦታ ላይ በስፋቱ ልክ ቀጥ ያለ ሸምበቆ ቁረጪ። በየስንዝሩ ጨርቁ ላይ አስቀምጪው። ዘንጉ ከጠርዙ ወጣ ካለ እየጠበብሽ ነው። አንዳንዱ ሰው ሁለት ጫፉ ሹል የሆነ መወጠሪያ ዘንግ ጨርቁ ላይ ይሰካል። ጥሩ ነገር ነው። የሚስበውን እጅ ግን አያድነውም፤ ዘንጉ ባለበት ሰፍቶ ከዘንጉ በኋላ ይጠባል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አሁን ጥፋቱን አወቅሽ ብለሽ ጨርቁን ባንዴ ወደ ቀድሞ ስፋቱ ለመመለስ አትሞክሪ። ወገቡ እንደገባ ሆዱ ይወጣል፣ ጠርዙም ይጥመለመላል። አንድ ክንድ በሚያህል ርዝመት ቀስ እያልሽ ነው የምትመልሺው።

ይህ ጉዳይ ጋቢ ላይ የሚብሰው ለምን እንደሆነም ልንገርሽ። ጋቢ አራት እጥፍ ነው። ቁራጮቹ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመው ይሰፋሉ፣ ይደራረባሉ። አንዱ ሰፍቶ ሌላው ከጠበበ ሰፊው ተርፎ ይነፋል። የአንገት ልብስ ቢሆን ማንም ልብ ሳይለው ያልፍ ነበር። ለጀማሪ ጋቢ የማልመክረው በዚህ ነው። ነጠላም አልመክርም፤ ክሩ ቀጭን ስለሆነ ምቱ ትንሽ ሲዛነፍ ብርሃን ላይ ያጋልጣል።

ክፍት መስመሩ አጭር ጉዳይ ነው። ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሮ ካለ አንድ የመምቻ ጥርስ ባዶውን ቀርቷል፣ ወይም ሁለት ክር መግባት የነበረበት ቦታ አንድ ብቻ ገብቷል። የቱንም ያህል ብትመቺው አይዘጋም። ድሩን ሁሉ መፍታት ግን አያስፈልግም። የጎደለውን ክር ጨምሪ። አዲስ ክር በድሩ ልክ ቁረጪ። ክሮቹን ከፍ ዝቅ ከሚያደርጉት የክር ዐይኖች መሐል ትርፍ ከሌለ ከጠንካራ ክር አዲስ ዐይን ቋጥረሽ እዚያው እሰሪ። ክሩን በዐይኑ፣ ከዚያ በባዶው ጥርስ አሳልፊ። ፊቱን ጨርቁ ላይ መርፌ ሰክተሽ ስምንት ቁጥር እየሠራሽ ጠምጥሚበት። ጀርባውን ከዕቃው ኋላ አንጠልጥለሽ ትንሽ ድንጋይ ወይም ሁለት ሦስት ሚስማር እሰሪበት፤ ክብደቱ እንደሌሎቹ ክሮች እንዲወጠር ያደርገዋል። ድሩ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ድንጋዩን ዝቅ ታደርጊዋለሽ። የተበጠሰ ክርም እንዲሁ ነው የሚጠገነው። ጥርስ አጠገብ መቋጠር ይቅርብሽ።

ለወደፊቱ ሦስት ጣት ያህል እንደሠራሽ ቆም በይ። ወደ መስኮቱ ዞረሽ ጨርቁን ከብርሃን አንጻር እዪው። የተዘለለ ጥርስ፣ የተደረበ ክር፣ ቦታውን የሳተ ክር ሁሉ እዚያች ሦስት ጣት ላይ ይታያል። እዚያ ላይ መፍታት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። አንድ ክንድ ከሄድሽ በኋላ ማንም አይፈታውም።

መወፈርና መሳሳቱ ላይ ሁለት ነገር ተቀላቅሎብሻል ብዬ እገምታለሁ።

አንደኛው ምቱ ነው። የሠራሽውን ጠቅልለሽ ድሩን ወደ ፊት ባመጣሽ ቁጥር ውጥረቱ ይቀየራል። ድሩ የጠበቀ ሲሆን ማጉ በቀላሉ ይጠጋል፣ ሲላላ ደግሞ ይመለሳል። ስለዚህ ጨርቅሽ ላይ ያሉት ወፍራምና ስስ መስመሮች ከጠቀለልሽባቸው ቦታዎች ጋር ይገጥማሉ። እስቲ ለኪያቸው። ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ ጠቅልዪ። ከጠቀለልሽ በኋላ መዳፍሽን ድሩ ላይ አሳርፊና ውጥረቱን ቀድሞ ከነበረው ጋር አመሳስዪ። በሁለት ጣት ስፋት ውስጥ ስንት ማግ እንዳለም ቁጠሪ። ቁጥሩ ስንትም ይሁን፣ ዋናው ነገር ጠዋትም ማታም ያው መሆኑ ነው። ጠዋት ጉልበት ሲኖር ይመታል፣ ከሰዓት ሲደክም ይዳበሳል፤ ጨርቁ ላይ ጠዋቱና ከሰዓቱ ተለይቶ ይታያል።

ሁለተኛው ፈትሉ ነው። «ማጉን እናቴና ጎረቤቶቻችን ናቸው የፈተሉልኝ» ብለሻል። ይሄ ትልቅ ሀብት ነው። ግን የአራት ሴት እጅ አራት ዓይነት ክር ያወጣል። አንዷ አጥብቃ ታከራለች፣ አንዷ አላልታ ታወፍራለች። የአንዷን ልቃቂት ጨርሰሽ የሌላዋን ስትጀምሪ ጨርቁ ላይ ድንበር ይወጣል። አንቺ ምቴ ነው ብለሽ ታስቢያለሽ። ዘዴው ቀላል ነው። ቀሰሞቹን (መወርወሪያው ውስጥ የሚገቡትን የማግ ጥቅሎች) ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት ጠምጥመሽ መሬት ላይ ደርድሪያቸው። ወፍራሙንና ቀጭኑን ለዪ። ከዚያ ሁለት መወርወሪያ ይዘሽ እያፈራረቅሽ ወርውሪ። ልዩነቱ በጨርቁ ሁሉ ስለሚበተን ዐይን አይዘውም። ሁለት መወርወሪያ ከሌለሽ ቀሰሞቹን አፈራርቂ፤ እንደ መጀመሪያው ባይሆንም ይሻላል።

ቀሰም ካነሳሁ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ እንዳይወፍር ተጠንቀቂ። ጫፉ ላይ የተከመረ ክር መወርወሪያው ውስጥ ይንሸራተትና ይተበተባል፤ ማጉ ሳትስቢውም ይሳባል። ጠርዙ በድንገት ጥርቅም ያለበት ቦታ ካለ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል። ቀሰሙ ሲያልቅ ደግሞ አዲሱን ከአሮጌው ጋር አትቋጥሪ። የሁለቱንም ጫፍ ትንሽ አሳስተሽ እዚያው ክፍተት ውስጥ ሦስት አራት ጣት ያህል ደርቢያቸው። የእጅ ፈትል እርስ በርሱ ይያያዛል። መጋጠሚያው ጠርዝ ላይ እንዳይሆን ብቻ።

አሁን ድሩ። ማንም ጀማሪ የማይጠረጥረው እሱን ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠረጥረው።

መዳፍሽን ዘርግተሽ በተወጠረው ድር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብለሽ አሳልፊ። ዐይንሽን ጨፍኚ። ጠበቅ ያለና ላላ ያለ ቦታ ታገኚያለሽ። ላላ ያሉት ክሮች እግርሽን ስትረግጪ እኩል አይነሱም። መወርወሪያው በሥራቸው ማለፍ ሲገባው በላያቸው ያልፋል፣ ወይም ይመታቸዋል። ጨርቁ ላይ ሳይያዝ ተንጠልጥሎ የቀረ ክር ካየሽ ከዚህ ነው የመጣው። የመርገጫውን ግማሽ ብቻ መርገጥም ያንኑ ያመጣል፤ እስከ መጨረሻው ርገጪ።

ላላ ያለው ድር የሚፈጠረው ድሩ ሲዘረጋ ነው። ችካል ከችካል እየተመላለስሽ ስትዘረጊ እጅሽ መጀመሪያ ላይ ይጠብቃል። ሲደክምሽ ይላላል። መሐል ላይ «ቡና ደርሷል» ይባላል። ሄደሽ፣ ሦስቱንም ጠጥተሽ ስትመለሺ ሌላ እጅ ይዘሽ ነው የምትመጪው። ወይም እህትሽ ታግዝሻለች፤ የእሷ እጅ ደግሞ የራሱ ነው። ድር በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ቁጭታ ነው የሚያልቀው። ቡናው ይጠብቅ። የቡና ሰው ሆኜ ይህን ስናገር ይከብደኛል፤ ግን እውነቱ ይህ ነው።

ሌላው፣ ችካሎቹ ጋ ክሮቹ አንዱ በላይ አንዱ በታች እየሆኑ የሚሻገሩበት ቦታ አለ። የክሮቹን ተራ የሚጠብቅልሽ እሱ ነው። ድሩን ከችካል ሳታወጪ በፊት መሻገሪያውን በሌላ ቀለም ክር በሁለት በኩል እሰሪ። ይህን ረስቶ ድሩን ያነሳ ሰው ቀኑን ሙሉ ክር ሲፈታ ይውላል።

ላላ ያሉት ክሮች ጥቂት ከሆኑ አሁንም ይድናሉ። ከዕቃው በስተኋላ ላላ ባለው ክፍል ሥር ቀጭን እንጨት ወይም የታጠፈ ካርቶን ሽጉጪ። ክሮቹን ያነሳቸውና ይወጥራቸዋል። ጥገና ነው እንጂ ፈውስ አይደለም። ይህን ጋቢ ግን ያስጨርስሻል።

በረንዳው ላይ አንድ ነገር አለኝ። ጥጥ ሲረጥብ ይጠነክራል፣ ሲደርቅ ይሰባበራል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ክረምት ላይ በጉም ተሸፍና ስትውል ክር ብዙ አያስቸግርም። በጋ ላይ ግን ከጦሳ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስና የረፋዱ ፀሐይ በረንዳ ላይ የተወጠረ ድር ያደርቁታል። ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ባቲ በወረድሽ ቁጥር ሙቀቱ ይብሳል። በረንዳሽ ፀሐይ የሚያገኘው በቀኝ በኩል ከሆነ ቀኙ የሚበጠስበት አንድ ምክንያት አገኘን። ዕቃውን ወደ ውስጥ አስገቢው። ካልሆነልሽ ሥሩ ያለውን መሬት ውሃ ርጪው፣ ፀሐዩንም በአሮጌ አንሶላ ጋርጂው። የድሮ ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ የሚሠራው ለመርገጫው ብሎ ነው። የመሬቱ እርጥበት ግን ክሩንም ይረዳዋል።

ድርሽ ከሌላ ክር ጋር ያልተጠማዘዘ ነጠላ ክር ከሆነ ደግሞ ቀጭን የዱቄት ሙቅ ቀብተሽ፣ ክሮቹ ሳይጣበቁ እየለየሽ ማድረቅ ይኖርብሻል። ጠጉሩን ያስተኛዋል። ሁለት ክር አብሮ የተጠመዘዘ የፋብሪካ ድር ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም። ክረምት ላይ ሙቅ የተቀባ ድር አታሳድሪ፤ ይሻግታል።

ይህን ሁሉ አስተካክለሽም ቀኙ መበጠሱን ከቀጠለ፣ ያኔ ዕቃውን እንጠይቀዋለን። ትንሽ ባዘቶ (የተነደፈ ጥጥ) ውሰጂ። በመምቻው ጥርሶች ላይ በቀኝ በኩል ከላይ ወደ ታች አሻሺው። መወርወሪያውንም እንዲሁ ዙሪያውን። ባዘቶው የተያዘበት ቦታ ሻካራ ነው። በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው። ከዚያ ገመድ ይዘሽ የዕቃውን ቋሚ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ለኪ፣ ሌላውንም እንዲሁ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ዕቃው ተዛንፏል። የበረንዳ ሲሚንቶ ብዙ ጊዜ ለውሃ መውረጃ ዘቅዘቅ ስለሚል አንዱ እግር ሥር እንጨት ማድረግ ይበቃ ይሆናል።

የአጎትሽን ነገር ሳልነካው አላልፍም። ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ የሚለው ልማድ የቆየ ነው፤ እሳቸው አልፈጠሩትም። ዛሬ ግን በየማኅበሩ መወርወሪያ የያዙ ሴቶች አሉ። ሥራን መናቅም አዲስ አይደለም። ሸማ የሚሠራውን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ መስደብ በዝቶ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ያኔ ይሰደብ የነበረው ወንዱ ነበር፤ ታዲያ ለየትኛው ወንድነት ነው የሚቆጩት? ለአጎትሽ ግን ይህን በክብር ንገሪያቸው፤ ነገ ጋቢ የሚገዙሽ እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ጋቢውን ጨርሺው። አትፍቺው፣ አትተዪውም። የቀረው ድር የልምምድሽ ነው። ሰያፉን፣ ምቱን፣ ሁለት መወርወሪያውን እዚያው ላይ ሞክሪ። ካለቀ በኋላ ጠባቡን ክፍል ቆርጠሽ ለሕፃን መጠቅለያ አድርጊው፤ ሰፊው ለአንገት ልብስ ይሆናል።

ለሚቀጥለው ድር ነጭ በነጭ አትሥሪ። ነጭ ላይ የተወረወረ ነጭ ማግ ስሕተትሽን ይደብቅልሽና ጨርቁ ሲታጠብ ያወጣዋል። ድሩን አንድ ቀለም፣ ማጉን ሌላ ቀለም አድርጊ። ወፈር ያለ ርካሽ ክር ይበቃል። ቀይ ወይም ጥቁር ከገዛሽ ቁራጩን አርጥበሽ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ አሳድሪው፤ ከለቀቀ ለጥለት አይሆንም። ሁለት ክንድ ድር ብቻ ዘርጊ፣ ስፋቱም ከሁለት ስንዝር አይብለጥ።

ከዕቃው ስታወርጂው መሐሉንና ሁለቱን ጫፎች ለኪና ጻፊ። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ እጠቢው፣ አድርቂው፣ ደግመሽ ለኪ። የእጅ ሥራ ጥጥ ሲታጠብ ከመቶ 10 ገደማ ቢገባ አትደንግጪ፤ የሚቀጥለውን ጋቢ ስፋት የምትወስኚው በዚህ ልክ ነው። ከመታጠቡ በፊት መሐሉና ጫፎቹ ከተቀራረቡ የውርወራው ነገር ገብቶሻል። መሐሉ አሁንም ከጠበበ ሰያፉን ጨምረሽ ሌላ ሁለት ክንድ ዘርጊ።